43 ቦታ አመልክቼ የተደወለልኝ 2 ነው፣ ምን ጎድሎኝ ይሆን? (ደሴ እና ኮምቦልቻ ያላችሁ በተለይ)

ሀረጎ ማዶ፦

ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ አካውንቲንግ ነው ያጠናሁት፣ በ2016 ተመረቅኩ፣ ኤግዚት ኤግዛሙንም በመጀመሪያው አልፌዋለሁ፣ ሲጂፒኤ 3.21። ከዛን ጊዜ ጀምሮ ያመለከትኩበትን ሁሉ ደብተር ላይ እየፃፍኩ ነው (ሙያዬ አይደል) ትላንት ስቆጥረው 43 ደርሷል። ባንክ አለ፣ ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች አሉ፣ ኤንጂኦ አለ፣ የግል ክሊኒክ ካሸር ሳይቀር ሞክሬአለሁ። ከ43ቱ የተደወለልኝ 2 ነው፣ ሁለቱም ለፅሁፍ ፈተና፣ አንዱ ጋ ስሄድ የሚፈልጉት 1 ሰው ሆኖ እኛ አዳራሹን ሞልተን በረንዳው ላይ ሁሉ ወንበር ተደርድሮልን ነው የተፈተንነው፣ ከዛ በኋላ ያው ድምፃቸው ጠፋ።

ሲቪዬ 4 ገፅ ነው። ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያሰራሁት፣ ከቨር ሌተሩንም እነሱ ናቸው የሰጡኝ፣ የድርጅቱን ስምና የስራ መደቡን ብቻ እየቀየርኩ አስገባለሁ። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሰርተፍኬት 2 አለኝ፣ ፒችትሪም (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) ተምሬአለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅብኛል? ያን ሁሉ ሰው መሃል ቀጣሪ አይን ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

እማዬ ጠዋት ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ዱአዋ ሁሌ የኔ ስራ ነው፣ ጎረቤቶቹ አሚን ካሉ በኋላ "እስካሁን አልያዘችም እንዴ" ይጨምሩበታል፣ አሚኑን ብቻ ብለው ቢተዉት ምን ነበረበት። ለጊዜው አክስቴ ሱቅ ነው የምውለው ቤት ከመቀመጥ ብዬ። ሰው ቀጥሮ የሚያውቅ ካለ በአላህ እውነቱን ንገሩኝ፣ አትሸንግሉኝ።

ጉም በጉም፦

እውነቱን ልንገርሽ? ዘመድ አለሽ? ከሌለሽ 43ቱን 143 አድርጊው። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነው ነገሩ። እኔ ሲቪል ምህንድስና ጨርሼ 3 አመቴ ባጃጅ እየነዳሁ ነው፣ ማስተርስ ያለው ተሳፋሪ ዋጋ ሲከራከረኝ ነው የሚውለው። በርቺ ግን።

የኮምቦልቻ ሙቀት፦

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ የሰው ሀይል ክፍል 9 አመት ሰርቼ አምና ነው የለቀቅኩት፣ ስሙ ይቅር። አትሸንግሉኝ ስላልሽ ሳልሸነግል እፅፋለሁ፣ ይረዝማል ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ለጀማሪ አካውንታንት ማስታወቂያ ስናወጣ ከ200 በታች ሰው ተመዝግቦልን አያውቅም፣ አንዴ 340 ደርሷል። ይሄን ሁሉ ማን ያየዋል ብትይ እኔና አንዲት ልጅ ነን፣ እሱም ሌላ ስራ መሃል ሆነን፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰራተኛ በር ላይ ቆሞ፣ ስልክ እየጮኸ። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ አይደርሰውም። መጀመሪያ የሚወድቀው መስፈርት ያላሟላው ነው፣ ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ያላያያዘ፣ ማመልከቻው ላይ የስራ መደቡን ያልፃፈ (3 መደብ አንድ ላይ ሲወጣ የቱን እንደፈለገ እኛ በህልማችን አናየው)፣ ስልኩ የማይሰራ። ስልክ ስልሽ አትሳቂ፣ ሲም ቀይሮ ሲቪው ላይ የድሮው ቁጥር ስላለ ደውለን ያጣነው ሰው ቁጥር የለውም፣ ሰውየው እስከዛሬ ዘመድ ስለሌለኝ ነው እያለ ይሆናል።

ከዛ የተረፈው ሁሉ አንድ አይነት ነው፣ ያንቺም ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል። የፎቶ ኮፒ ቤት ሲቪ አይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከላይ በትልቁ ኩሪኩለም ቪቴ፣ ፎቶ፣ ፆታ፣ የትውልድ ቦታ፣ ቁመት ሁሉ የሚፅፉ አሉ (ሂሳብ ለመስራት ቁመት ምን ያደርጋል)፣ ከዛ ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ጫና ተቋቁሜ የምሰራ፣ መጨረሻ ላይ በትርፍ ጊዜዬ መፅሐፍ ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ። አንድ ቀን በተከታታይ 11 ሰው መፅሐፍ አንባቢና ሙዚቃ አዳማጭ ሆኖብኝ ልጅቷን "ኪነት ነው እንዴ የምንቀጥረው" አልኳት። አንዱማ ከቨር ሌተሩ ላይ ከላይ እሱ ነው አመልካቹ ከታች ስሟን ፅፋ የፈረመችው ሌላ ሴት ናት፣ ቤቱ የሷን ሳያጠፋ ሰጥቶታል። ስቀን ወደ ጎን አደረግነው። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል እኮ፣ ግን በምን እንወቅለት።

የኮደርሱን ሰርተፍኬት ተማሩት ጥሩ ነው በነፃም ነው፣ ግን አሁን ሁሉም ስላለው ብቻውን አይለይሽም። ፒችትሪ አውቃለሁም ያው ነው።

እኔ ቆም ብዬ ሁለቴ ያየሁት ማንን ነው ካልሽኝ የሰራውን ነገር የፃፈ ሰው ነው። አንድ ልጅ ትዝ ትለኛለች፣ ልምድ የላትም፣ ሲቪዋ 1 ገፅ፣ መሃሉ ላይ ኢንተርንሺፕ በወጣሁበት ማህበር የ6 ወር የባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩን ሂሳብ ከመዝገብ ጋር ማስታረቅ) ሰርቼ በመዝገብ ያልገቡ 4 ቼኮች አግኝቻለሁ ይላል፣ ከስሩ የማህበሩ ሂሳብ ሹም ስልክ። ደወልኩለት። ሰውዬው ሌላ ምንም አላለኝም፣ "እሷ ልጅ ሂሳቡ ካልመጣላት ምሳ አትበላም" አለኝ። ለፈተና ጠራናት። ከዛ ሁሉ ሰው ውስጥ ስለ አመልካች ብዬ ስልክ ያነሳሁት ያኔ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሪፈረንስ ሲጠየቅ ይቀርባል ነው የሚለው፣ ማን ሊጠይቀው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። አክስትሽ ሱቅ ምን ትሰሪያለሽ? ዝም ብለሽ ነው የምትቀመጪው?

ጉም በጉም፦

ወንድሜ ይሄን ሁሉ ፅፈህ ቦታው ቀድሞ ተይዞ ለይምሰል የሚወጣውን ማስታወቂያ ዘለልከው እኮ።

የኮምቦልቻ ሙቀት፦

አልዘለልኩም፣ አለ፣ ወላሂ አለ። የምዝገባው ጊዜ 2 ቀን ብቻ ከሆነ፣ ወይም መስፈርቱ ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ሱሪ ከመሰለ ባለቤት አለው ማለት ነው፣ የታክሲሽን ብር አታውጪ። ግን ሁሉም እንደዛ ቢሆን ፋብሪካ አይቆምም ነበር። ደሞዝ ወሩ ሲያልቅ ካልተሰራ ሰራተኛ በር ላይ ነው የሚሰለፈው፣ የአለቃ የእህት ልጅ ፔይሮል ካላወቀ የሚጨነቀው አለቃው ራሱ ነው።

ቦታው ጠቧል ካልከኝ እስማማለሁ። በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት የነበረው ተስፋና አሁን ያለው አንድ አይደለም፣ በ2014 ጦርነቱ እዚህ ድረስ መጣ፣ በዛው አመት ታህሳስ ወር ላይ ደግሞ አጎዋ፣ ያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላኩ እድል፣ ቆመ፣ ወደ አሜሪካ ልብስ የሚልከው ሁሉ ተመታ። ስለዚህ እህቴ 41 ቦታ ዝም መባልሽ በሙሉ ያንቺ ጥፋት አይደለም። 4 ገፁ ግን ያንቺ ነው።

ሀረጎ ማዶ፦

4 ገፁ ገብቶኛል 😅 ቁመቴም አለበት ልዋሽ አልችልም።

ሱቁን ስራ ብዬ ስላልቆጠርኩት ነው ሲቪ ላይ ያልፃፍኩት፣ የቅጥር ደብዳቤ የለኝ ደሞዝም የለኝ፣ አክስቴ ለካርድና ለልብስ ትሰጠኛለች እንጂ። የህንፃ መሳሪያ ነው የምትሸጠው ሚስማር፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ፣ ቱቦ ምናምን። አምና ከአረፋ በኋላ ስገባ ሂሳቡ በ3 ደብተር ነበር፣ አንዱ የዱቤ ነው አንዱ የግዢ ነው፣ ሶስተኛው ምን እንደሆነ እስከዛሬ አክስቴም አታውቀውም። አሁን ሁሉንም ኤክሴል ላይ አድርጌዋለሁ፣ ማታ ማታ የካሽ ሬጅስተሩን ዜድ ሪፖርት (የቀኑን የሽያጭ ድምር) ከብሩ ጋር አመሳክራለሁ፣ በወር አንዴ እቃ እንቆጥራለን፣ የቫቱንም ሽያጭና ግዢ አዘጋጅቼ ለሚያሳውቅልን ሰውዬ እሰጣለሁ። ዱቤውን ስገለብጥ ተከፍሏል ተብሎ የተረሳ ግን ያልተከፈለ 38 ሺ ብር አግኝቼ አክስቴ እልል ብላ ዶሮ አረደች፣ ባለ እዳዎቹ ግን እስካሁን ሰላም አይሉኝም። ግን ይሄ የቤተሰብ ሱቅ ነው፣ ይፃፋል እንዴ?

የኮምቦልቻ ሙቀት፦

ያ ረቢ! ይሄን ደብቀሽ ነው ሙዚቃ አዳምጣለሁ ብለሽ የፃፍሽው?

ሰኞ ገበያ፦

አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እቴ ይፃፋል እንጂ! ደሞዝ ስላልተከፈለሽ ስራው አልተሰራም ማለት ነው? ልክ እንደዚህ አድርገሽ ፃፊው፣ ከ2017 ክረምት ጀምሮ፣ የህንፃ መሳሪያ መደብር፣ የሂሳብ መዝገብ ያዥ። ከስር 3 መስመር ብቻ። በ3 ደብተር የነበረውን ሂሳብ ወደ ኤክሴል አዙሬ በየቀኑ ከዜድ ሪፖርት ጋር አመሳክራለሁ። ወርሃዊ የእቃ ቆጠራ ሰርቼ ከመዝገብ ጋር አስታርቃለሁ፣ የቫት ሰነድ አዘጋጃለሁ። ተረስቶ የነበረ 38 ሺ ብር ተሰብሳቢ ሂሳብ ለይቻለሁ። አለቀ። ምስክር ደሞ አክስትሽን አትፃፊ አክስት ስለ እህቷ ልጅ ክፉ አታወራም፣ ቫቱን የሚያሳውቅላችሁን ሰውዬ አስፈቅደሽ ስሙንና ስልኩን አድርጊ፣ እሱ ስራሽን በየወሩ ያየዋል ባዳም ነው።

የኔን ልንገርሽ። በማኔጅመንት ተመርቄ መጀመሪያ የገባሁት ስቶር ክለርክ ሆኜ ነው፣ በዲግሪ ስቶር ክለርክ ብለው ዘመዶቼ ሲያሽሟጥጡ ነበር። ሞዴል 19 (የእቃ መግቢያ) ስቆርጥ፣ ሞዴል 22 (የእቃ መውጫ) ስፅፍ፣ ቢን ካርድ (የእቃ መከታተያ ካርድ) ስሞላ ዋልኩ። 8ኛ ወሬ ላይ የውስጥ ማስታወቂያ ወጣ፣ ይሄ የውስጥ የሚባለው ውጭ ያለ ሰው የማያየው ነው፣ ስንወዳደር 4 ሰው ብቻ ነበርን። 340 ሰው ጋ ከመጋፋት 4 ሰው ጋ መወዳደር ይሻላል፣ ስለዚህ ዝቅ ያለ መደብ ሲወጣ አትናቂው፣ አንዳንዱ ዲግሪ አይቀበልም ያ ሌላ ነገር ነው።

ሌላ ትንንሽ ነገር፣ በኢሜል ስትልኪ የፋይሉን ስም ስምሽንና መደቡን አድርጊው፣ ሲቪ ፋይናል አዲሱ 2 እያላችሁ አትላኩ። ዲግሪውንም በስልክ ከነ አልጋ ልብሱ ፎቶ አንስታችሁ 9 ፋይል ከምታደርጉ በአንድ ፒዲኤፍ ስካን አድርጉት። በአካል ስታስገቢ ደሞ ጥበቃዎቹን ሰላም በይ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት መቼ እንደሚለጠፍ ከጥበቃ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ስቶር ክለርኩን የነገሩኝ የበር ጥበቃው አባት ናቸው፣ እድሜ ይስጣቸው። ሰኞ ሰኞ በኩር ጋዜጣንም እይ ሁሉም ቴሌግራም ላይ ስለተጣደ ጋዜጣውን የሚያየው ቀንሷል። ቴሌግራም ላይ ለመመዝገቢያ ይሄን ያህል ብር ላኪ የሚልሽን ግን ሌባ ነው ዝጊው።

ቦሩ ሜዳ፦

ልጄ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሂሳብ ሹም ነኝ፣ ልጆቼ ናቸው ይሄን መተግበሪያ የጫኑልኝ። ሲቪውን ወጣቶቹ ነግረውሻል፣ እኔ ስለ ፈተናው ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙ አመት ፈትኛለሁ፣ ሲቪ በር ድረስ ነው የሚያደርስሽ።

ፋብሪካ ከሆነ የተግባር ፈተናው ብዙ ጊዜ ፔይሮል ነው። ያን ያህል ተመራቂ ፈትኜ አብዛኛው የሚሳሳተው ትርፍ ሰዓት ላይ ነው። አስተማሪው የሰጠው የድሮ ሃንድአውት ላይ 1.25 ይላል እነሱም 1.25 ይሰራሉ። ከአዋጅ 1156/2011 በኋላ እኮ ተቀይሯል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ለተሰራው 1.5፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 ነው። ምሳሌ ላድርግልሽ፣ ደሞዙ 8320 የሆነ ሰው በወር 208 ሰዓት ብለሽ ስታካፍይው ሰዓቱ 40 ብር ይመጣል። ቀን 10 ሰዓት ትርፍ ከሰራ 600 ብር ነው፣ በድሮው ከሰራሽው 500 ይመጣል። ለአንድ ሰው 100 ብር ነው፣ 800 ሰራተኛ ላይ አስቢው፣ በነጋታው አድማ ነው።

ሁለተኛው ጡረታ ነው። ሰራተኛው 7 ድርጅቱ 11 ፐርሰንት ይከፍላል፣ ይሄ ከመሰረታዊ ደሞዙ ላይ ነው የሚሰላው፣ ትርፍ ሰዓቱን ደምረው 7 ፐርሰንት የሚቆርጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ከላይ ያለው ሰው ጡረታው 582 ብር ከ40 ነው፣ ትርፍ ሰዓት ሰራ አልሰራ ያው ነው። ግብሩ ግን ትርፍ ሰዓቱንም ይነካዋል። ግብር ላይ ደግሞ ከሐምሌ 2017 ወዲህ እስከ 2000 ብር ነፃ ነው፣ 600 ብለሽ እንዳትጀምሪ፣ አዲሱን ሰንጠረዥ በቃልሽ ያዢው።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ መልሱን ከሰራ በኋላ ከስሩ በእስክርቢቶ "በአዋጅ 1156 መሰረት" ብሎ ፃፈበት። ማንም አልጠየቀውም። ነጥቡ ከሌሎቹ ብዙም አይበልጥም ነበር፣ እኔ ግን ኮሚቴው ላይ ለሱ ተከራከርኩ፣ ለምን ብትይ ነገ ኦዲተር መጥቶ ከየት አመጣኸው ሲለው የሚመልስ ሰው ነው የምፈልገው።

ሀረጎ ማዶ፦

አባባ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስክሪንሾት አድርጌ ለ3 ጓደኞቼም ልኬላቸዋለሁ፣ እውነቱን ልንገርዎት እኔም 1.25 ነበር የምሰራው፣ ያቺ በረንዳ ላይ የተፈተንኳት ፈተና ላይ ትርፍ ሰዓት ነበረች 🙈 እድሜና ጤና ይስጥዎት።

ሲቪውን ዛሬ ማታ ራሴ እፅፈዋለሁ። ቫቱን የሚያሳውቅልን ሰውዬም ጠይቄው "ደውሉለት በይ፣ ደብተሩን ከምን እንዳወጣሽው እነግራቸዋለሁ" ብሎኛል።

ሀረጎ ማዶ (ከ19 ቀን በኋላ)፦

ጀመዓ አላችሁ? በአዲሱ 1 ገፅ ሲቪ 5 ቦታ ብቻ ነው ያስገባሁት፣ ዛሬ አንዱ ደወለ! ኮምቦልቻ ነው፣ ገና ፈተና ነው ስራ አይደለም ተረጋጉ (ለራሴ ነው ተረጋጊ የምለው)። ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከ30 የተግባር ፈተና፣ ካልኩሌተር ይዘሽ ነይ አሉኝ። ሴትዮዋ ስልክ ላይ "የህንፃ መሳሪያዋ ልጅ ነሽ?" ብላ ነው የጠየቀችኝ፣ ስሜን እንኳን አላለችም፣ ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት። እንዳላረፍድ ፈርቻለሁ፣ ከደሴ በስንት ሰዓት ልነሳ?

የኮምቦልቻ ሙቀት፦

"የህንፃ መሳሪያዋ ልጅ" ካለችሽ ማህደርሽን ለይታ አስቀምጣዋለች ማለት ነው። አብሽሪ። መታወቂያና ኦርጅናል ዲግሪሽን አትርሺ፣ ኮፒ ይዞ መጥቶ ከበር የተመለሰ አይቻለሁ።

ቦሩ ሜዳ፦

ማሻአላህ ልጄ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁለቴ አንብቢ። ሰዓት ካነሰሽ የሰራሽበትን መንገድ ፃፊና እለፊ እንጂ ባዶ አትተዪው።

ጉም በጉም፦

12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ካለሽ አታረፍጂም፣ 25 ኪሎሜትር ናት ግን ሀረጎ ላይ ጉም ከወረደ ሚኒባሱ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ሚኒባሱ እስኪሞላም ጊዜ አስቢ። ደሞ ደሴ በለበስሽው ጃኬት ኮምቦልቻ ገብተሽ እንዳትቀልጪ።

ይሄን ሁሉ ቀን ስታወሩ እኔም እያነበብኩ ነበር፣ ሲቪዬን አውጥቼ ሳየው እኔም ቁመቴን ፅፌአለሁ። ለማንኛውም ስትገቢ ያን ጥበቃ ሰላም ብለሽ የመሃንዲስ ቦታ ካለ ጠይቂልኝ።